የልጄን አማት ያጎረስኳት ዓሣ

ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ ልጄ ቤት ባደርኩ ቁጥር ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጆቼ አልጋዬ ላይ ይወጡና መላወሻ ያሳጡኛል። “እማማ፣ የሜክሲኮውን ባሕር ንገሪን፣ ቢተ!” ይሉኛል፤ በጀርመንኛቸው እባክሽ ማለታቸው ነው። እናታቸው ከወጥ ቤት “መጀመሪያ ጥርሳችሁን!” ትላለች፤ ማን ሰምቷት። እንግዲህ ከጠየቃችሁኝ ልጻፈውና ስታድጉ አንብቡት። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ስሕተት ብታገኙ እለፉት።

እግሬ መዞር ይወዳል፤ እኔ በምኖርበት በጄኔቫ ከሻትሌን ሰፈር ላንሲ ሰፈር በአውቶቡስ ለመሄድ እንኳ ሰበብ አላጣም። እናታችሁ “እማዬ፣ ሜክሲኮ አብረሽን ትሄጃለሽ?” ስትለኝ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ ሻንጣዬን አወረድኩ።

አባታችሁ ያኔ ገና እጮኛዋ ነው። እናቱ አንድ ልጇን ለሰው አገር ሰጥታ መቅረት አልሆነላትም፤ ነገሯ ሁሉ “አገርህ ግባ” ነው። እሱ ደግሞ እናቴ ሳትመርቀኝ አላገባም ብሏል። እናታችሁ አውሮፕላኑ ውስጥ ጥፍሯን ስትበላ ቆይታ “ባትወደኝስ?” አለችኝ። “አንቺን የማይወድ ማን አለ፣ ልጄ” አልኳት።

እናቱ የምትኖርባትን ከተማ ይሏታል እንጂ አንድ ጎዳና ናት፤ ባንዱ ጫፍ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ጫፍ ውቅያኖስ። እኔ የለመድኩት የጄኔቫን ሐይቅ ነው፤ ዝም ብሎ ይተኛል። ይኼኛው የረሳው ዕቃ እንዳለው ሰው ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ሰብስቤ ገባሁበት። አሸዋው ከእግሬ ሥር ሲሸሽ “ኧረ ያዙኝ!” ብዬ ጮህኩ። መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

እናቱ በር ላይ ተቀበለችን። ልጇን አንገቱን አቅፋ አልለቅ አለች። እናታችሁን ግን በጣቷ ጫፍ ጨበጠቻት።

ምሳ በዘንባባ ዳስ ሥር ቀረበ። እንዳለ የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ፣ ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ ሎሚ፣ የሚያንገበግብ ቃሪያ። ፋሲካ አልፏልና ጾም የለብኝም፤ እሰይ ብዬ ጀመርኩ። እሷ ግን ዓሣውን አትነካም። ቆማ ስታስተናግድ ቆየችና ጥግ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ በማንኪያ ታነካካ ጀመር።

አወቅኳት፣ አልኩ በልቤ፤ ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ ባለቤት እንግዳው ሳይጠግብ አይበላም፤ ቢርበውም “ጠግቤያለሁ” ይላል፣ እስኪለመን። መለመን ደግሞ እችልበታለሁ።

“ምነው አይበሉም በያቸው እስቲ” አልኳት ልጄን። ቃሌ ሁለት ሰው ተሻግሮ ነው የሚደርሰው፤ ልጄ በጀርመንኛ ለእጮኛዋ፣ እሱ በስፓኒሽ ለእናቱ። መልሱም በዚያው መንገድ ተመለሰ፤ “አልራበኝም።”

“ይኸው! አላልኩም?” ብዬ ዓሣውን ከእሾሁ ለየሁ፤ በቂጣ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ልጄ ቀሚሴን ያዘች።

“እማዬ፣ በናትሽ ተይ! እዚህ እንዲህ አይደረግም።”

“ልቀቂኝ እባክሽ። ለማጉረስ ደግሞ አስተርጓሚ ሊያስፈልግ ነው?”

አባታችሁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት እናቱ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው። እኔ ፊቷ ቆሜ “በሞቴ! እኔ ልሙት!” እላለሁ። እጄን አየች። ከዚያ ፊቴን። ከዚያ በድንጋጤ የምትይዘው የምትጨብጠው የጠፋትን ልጄን። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ቀስ ብላ ስታኝክ ዓይኗ እንባ ሞላ። “ቃሪያው ነው፤ ውኃ ስጧት!” አልኩ። አንድ ጉርሻ ብቻማ አይሆንም ብዬ ሌላ ጠቀለልኩ፤ እሱንም ዋጠች። ከዚያ እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ሳቀችና ራሷ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ ትልቅነቱ ሊያንቀኝ ነበር። ቀጥላ ለእናታችሁ ጠቀለለች። ያቺ ሞኝ አፏ ሞልቶ ስታለቅስ፣ ስትስቅ፣ ጉርሻው ከአፏ ሊወድቅ።

በማግስቱ ልጇን ጠርታ “ሰርጉ እዚሁ ይሁንልኝ። የት እንደምትኖሩ እናንተ ታውቃላችሁ” አለችው።

ከዚያ ወዲያ ለላንሲ ወዳጆቼ ሁሉ “የሚግደረደር ሰው እንዴት እንደሚለመን እኔን ጠይቁ” እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ኖርኩ።

ዓመታት አልፈው፣ እናንተም ተወልዳችሁ፣ ያቺው አያታችሁ ልትጠይቃችሁ ዙሪክ መጣች። እኔም ዓሣ ገዝቼ ከጄኔቫ በባቡር ደረስኩ። እናታችሁ ከረጢቱን አይታ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

“እማዬ፣ ዓሣ ለሷ አይሆንም።”

“ምን ሆነሻል? ከእጄ በልታ የለም እንዴ?”

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እንዳንነግርሽ ለምናን ነው እንጂ… ባሏ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ባሕሩ እሱን ከወሰደ ወዲህ፣ ያን ቀን ካንቺ እጅ ከጎረሰችው በቀር፣ ዓሣ በአፏ ዞሮ አያውቅም።”