አባባ የመረጉት ግድግዳ

ቅዳሜ ቅዳሜ የቂርቆስ ልጆች እኔ ቤት ተሰብስበው መጽሐፍ ያነባሉ። ዛሬ በጣሊያን ዘመን ስለኖረች ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ እያነበብን ዝናብ ጣለና የጭቃው ግድግዳ ሸተተኝ።

ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጣሊያኖች የተማረ ሰው እያደኑ ይገድሉ ነበር። ቤት የሚመረገው ለዓመት በዓል ነው፤ አባባ ግን በአዘቦት ቀን ጭቃ አቡክተው ሲመርጉ ደረስኩ።

«ምን በዓል መጣ?» አልኳቸው።

«ቤቱም ፊደል ይቁጠር ብዬ ነው» አሉኝ።

በሳምንቱ ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። መጽሐፎቻቸውንም ዳግመኛ አላየንም። እናቴ ግን በየዓመቱ ምርጊት ስትደርብበት ኖረች።

ይህን ስነግራቸው «የትኛው ቤት ነው፣ እማማ?» አለች አንዷ ልጅ።

«ይኸው፣ የተቀመጥንበት።»

ልብ ወለዱን ዘግተው ተነሱና ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመሩ፤ እኔም በምርኩዜ።