ለሴት የሚሆን ቦታ የለም

ባለፈው አርብ ከሰዓት በኋላ ልጄ ስልኳን ዓይኔ ሥር አምጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የተተከሉ ጃንጥላዎች። ለእረፍት ቤተሰቡን በሙሉ ይዛ ልትሄድ አስባ ኖሯል። «እማ ስሚ» አለችኝ፣ ደስታ ድምፅዋን እያቀጠነው፤ «ምግቡ ሐላል ነው። መስገጃ ክፍል አለው። ለሴቶች ብቻ የታጠረ መዋኛም አለው፤ ወንድ ዝር አይልም።»

እኔን የሸተተኝ ባሕሩ ሳይሆን ቋንጣ ነበር። በበርበሬ ታሽቶ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ የተሰጣ የፍየል ቋንጣ። ደሴ ላይ፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ሰቆጣ ሸተተችኝ። ፊቴ ጋለ። ልጄ «አመመሽ እንዴ?» ብትለኝ «ኧረ ደህና ነኝ» አልኳት። ለእሷ መንገር አልቻልኩም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር፣ በእግር የሚረገጥ መኪናውን ዘርግቶ ሲሰፋ ይውል ነበር። ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ ደስ ይላል፤ የዐረብኛውን ፊደል እንደ ውሃ ይጠጣዋል። የአማርኛውን ግን አልቆጠረም። እናቴም እንደዚሁ። ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው፣ ሲላክም የምጽፈው እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ነበርና የቤቱ ዓይን እኔ ነበርኩ።

እናቴ አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት፤ ምጽዋ አግብታ የቀረች። በጦርነቱ ዘመን መንገዱ ተዘግቶ ሳይተያዩ ብዙ ዓመት ኖሩ። በኋላ መንገዱ ሲከፈት በሹፌሮች እጅ ደብዳቤ መመላለስ ጀመረ። እናቴ ያን ጊዜ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት፣ ከስግደት ስትነሳ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። ይህን የሰማች አክስቴ «የምጽዋ አሸዋና የባሕሩ ውሃ መድኃኒት ነው፤ ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ» ብላ ጻፈች። ይህን ሳነብለት አባቴ መኪናውን መርገጥ አቆመ።

«እንሄዳለን» አለ። «በጥር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ሰው መንገድ የሚወጣው ለንግድና ለለቅሶ ብቻ ነው ያለው ማነው?»

በእኛ ሰፈር ለመዝናናት ብሎ መንገድ የወጣ ሰው አልነበረም። አባቴ ግን ነገሩን እንደ ሠርግ ልብስ በጥንቃቄ ያዘው። ከመቀሌ የሚመጣ ሹፌር ባገኘ ቁጥር ሻይ ይጋብዝና ይጠይቀዋል። ኮረም የእስላም ምግብ ቤት አለ ወይ? ማይጨውስ? አዲግራት ላይ የሚያርደው ማነው? እኔ ደግሞ ማታ ማታ በደብተሬ ጀርባ እጽፍለታለሁ። «ኮረም፣ ሻይና ዳቦ ብቻ። መቀሌ፣ ከመስጊዱ ጀርባ የእስላም ሥጋ አለ። አዲግራት፣ እንጃ።» ለዚያ «እንጃ» ሲል ነው ከአበርገሌ የመጣ ሙክት ገዝቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ አርዶ ቋንጣ ያስደረገው። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ፀጉራችን ሳይቀር ቋንጣ ቋንጣ ሸተተ። ዓሣ ግን ቢላ እንደማይሻ ሸኹ ሲነግሩት እየሳቀ መጣ። «ሴትዮ፣ ባሕሩ በሙሉ ሐላል ነው!» ብሎ ከደጅ ጀምሮ ለእናቴ ጮኸላት።

ለአክስቴ የሚላከውንም ደብዳቤ እርሱ እየተናገረ ጻፍኩ። የራሱ ምድጃ ያለው ማረፊያ ይገኛል ወይ? መስጊዱ ምን ያህል ይርቃል? መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሴቶች ወንድ ሳያያቸው ውሃው ውስጥ መግባት ይችላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለ። «ይህችን አስምሪባት።» አሰመርኩባት።

በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ክፍላችን ገብታ ነበር። አባቷ ከትልቅ ከተማ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሹም ነው። ነጭ ጫማ ታደርጋለች፤ በዚያ ሁሉ የሰቆጣ አቧራ ጫማዋ ነጭ እንደሆነ ይውላል። እንዴት እንደምታደርገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። የእጅ ጽሑፌን ወዳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ መሬት አልነካ አልኩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት «በጥር ምጽዋ እንሄዳለን» አለችኝ።

«እኛም» አልኳት፣ ሳላስብ።

«ውይ! የት ታርፋላችሁ?»

«ሆቴል። ባሕሩ ዳር ያለው።»

ዘላ አቀፈችኝ። «እኛም እዚያው ነን! የእህቴን የዋና ልብስ አመጣልሻለሁ፤ አብረን እንዋኛለን።» አቅፋኝ ሳለች አንገቴ ሥር አሸተተችና «ምንድነው እንዲህ የሚሸትሽ?» ብላ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን የቀረውን ቀን ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ዋልኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። «ነይ ልለካሽ» አለኝ፤ «የባሕር ልብስ ነው።» ከተማሪ ዩኒፎርም በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ለእኔና ለእናቴ አንድ ዓይነት አድርጎ ሰፋው። እጅጌው እስከ አንጓ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ከላይ የራስ መሸፈኛ ያለው። ከዚያም የቀሚሱን ጠርዝ አጥፎ፣ ትናንሽ ጠጠር በየመሐሉ እየከተተ ዘመዘመው። «ውሃ ቀሚስ ያነሳል» አለኝ፤ «ወንዝ ላይ አይቻለሁ። ይህ ግን አይነሳም።» ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው በሐሳቡ ብቻ ነው ያን የሰፋው። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ ያንኑ የመሰለ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይያዛል። ያኔ ግን ለብሼው ስራመድ ጠጠሩ ተንቀጫቀጨ፤ እናቴ ደስ ብሏት አጨበጨበች፤ ለእኔ የታየኝ የዚያች ልጅ ሳቅ ብቻ ነበር። ከሆቴሉ በረንዳ ሆና እኛን ስታይ ታየችኝ፦ የቋንጣውን ከረጢት፣ አባቴ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ጀበና፣ እናቴን ግድግዳ ስትፈልግ።

የአክስቴን መልስ አንድ ሹፌር መንገድ ላይ አግኝቶኝ እጄ ላይ አኖረልኝ። በአንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጬ ብቻዬን ከፈትኩት። ጎረቤቷ ሁለት ክፍል ከነምድጃው ለቃልናለች። አዛኑ ከደጃቸው ይሰማል። ሴቶቹ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ወንዱ ሳይወጣ፣ አብረው ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ «ያን ሰዓት ባሕሩ የእኛ ነው» ይላል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እህቴዋ፣ ለአንቺ አዲስ አንሶላ ገዝቻለሁ። ማንም እንዳይተኛበት ሳጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ። እንደ ሕፃን ቀን እየቆጠርኩ ነው።»

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አባቴ በረንዳ ሄድኩ። እናቴ ስንዴ እየለቀመች አጠገቡ ተቀምጣለች። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ወረቀቱን ዘረጋሁና ዓይኔን ፊደሉ ላይ ተክዬ ሌላ ነገር አነበብኩ።

«ለሴት የሚሆን ቦታ የለም። ወንዱም ሴቱም ተቀላቅሎ ነው የሚታጠበው። ማረፊያውም የሰከረ ሰው ይበዛበታል። ለሌላ ጊዜ ይሁንላችሁ።»

ሌላ ምክንያት ብፈጥር ኖሮ አባቴ መላ ይፈልግለት ነበር። ቤት የለም ብዬው ቢሆን ድንኳን ይሰፋ ነበር። ለዚህ ግን መላ እንደሌለው አውቅ ነበር። በእምነቱ በኩል ገብቼ ነው ያታለልኩት።

 አባቴ የክሩን ጫፍ በጥርሱ ቆረጠና «እንግዲያ ይቅር። አላህ ያላለው ነው» አለ።

እናቴ እጇ ስንዴው ላይ እንደቆመ ቀና ብላ አየችኝ። «ስለ እኔስ ምን ትላለች?»

«ሰላም ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እንዲያው ናፈቅሽኝ እንኳ አትልም?»

«አትልም» አልኩ። በአንድ ቃል ላስተካክለው እችል ነበር። ግን ደንግጫለሁ፤ የጀመርኩትን ውሸት ለመጨረስ ቸኩያለሁ። እናቴ ስንዴዋን መልቀም ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ግን እንክርዳዱንም ስንዴውንም አብራ ስትጥል አየኋት።

በሳምንቱ አባቴ የባሕሩን ልብስ ተረተረና ለሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ሱሪ አደረገው። ጠጠሩን ደጅ በተነው። ቋንጣውን እስከ ፋሲካ ድረስ በላነው። ለአክስቴ መልስ ጻፊ ስባል አባቴ «ለከርሞ ኢንሻአላህ እንመጣለን» ያለኝን ትቼ «እናቴ ሥራ ስለበዛባት አትመጣም» ብዬ ጻፍኩ። የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር። «የደሃ ቤት ነው ብለሽ ነው አይደል፣ እህቴ?» ቀድጄ ጣልኩት።

የሹሙን ልጅ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥር ሳይገባ አባቷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ከመኪናው መስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። ምጽዋ አልሄዱም። ብንሄድ ኖሮ እዚያ አሸዋ ላይ የሚያየን ሰው አልነበረም።

በዓመቱ አባቴ እንደገና ሹፌሮችን ሻይ መጋበዝ ጀምሮ ነበር። ወዲያው ድንበሩ ላይ ተኩስ ተነሳ፤ መንገዱም ደብዳቤውም አንድ ላይ ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ በሱዳን በኩል ዞሮ የመጣ አንድ ነጋዴ የአክስቴን መሞት አረዳን። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ «ሳትወደኝ ሞተች» እያለች ስታለቅስ፣ እኔ ከለቀስተኛው መሐል ሆኜ አብሬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። አባቴም በበኩሉ በሳል ታሞ፣ እኔን «የቤቴ ዓይን» እያለ ሞተ።

ተከዜ ተገድቦ ውሃው ሲተኛ እኔ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ደሴ እኖር ነበር። ሰቆጣ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ አንድ ጠዋት ወደ አበርገሌ የሚወርድ መኪና ላይ አሳፈርኳት፤ መንገዱ ካለቀበት በኋላ በበቅሎ። ለምን እንደምወስዳት አልነገርኳትም። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። የመጨረሻውን ጉብታ ስናልፍ ውሃው ድንገት ከሥራችን ተዘረጋ፤ ተራሮቹ እስከ ወገባቸው ሰጥመው፣ ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ።

«ያ ረቢ» አለች እናቴ። «ባሕር ማለት ይህ ነው?»

«ይህ ሐይቅ ነው፣ እማ። ባሕር ከዚህ ይሰፋል።»

ድንጋይ ላይ አስቀምጬያት ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩና ነገርኳት። ሁሉንም። ያነበብኩትን፣ ያላነበብኩትን፣ የጻፍኩትን፣ የቀደድኩትን። የአንሶላውን ነገር ስነግራት «እንደገና በይው» አለችኝ። በቃሌ አውቀው ስለነበር እንደገና አልኩት። ሦስተኛም አስደገመችኝ። ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር።

ውሃውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር «አባትሽ ሳይሰማ መሄዱ ደግ ሆነ» አለች።

ጫማዋን ስታወልቅ ልደግፋት ተነሳሁ። «ተዪኝ» አለች። ዳር ላይ መረቡን ይጠግን የነበረ የአገሬው ዓሣ አጥማጅ ሲያያት መጥቶ «እናቴ፣ ጭቃ ነው፣ ይህን ይያዙ» ብሎ መቅዘፊያውን ሰጣት። መቅዘፊያውን ተመርኩዛ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ቀስ እያለች እስከ ጉልበቷ ገባች። እኔ ጫማዋን ይዤ ዳር ቆምኩ። ጀርባዋን ብቻ ነበር የማየው። እያለቀሰች ይሁን፣ እየቀራች ይሁን፣ ለእህቷ አንድ ነገር እየተናገረች ይሁን፣ አልሰማሁም።

ስትወጣ ድንጋዩ ላይ ሳትቀመጥ ቆመች። ተንበርክኬ በነጠላዬ እግሯን አደረቅሁላት፤ በጣቶቿ መሐል የገባውን ጭቃ ሳይቀር ጠረግሁ። አንዱን እግሯን ሳነሳ መዳፏ ራሴ ላይ አረፈ። ሌላውንም እግሯን አድርቄ፣ ጫማዋን አጥልቄላት እስክጨርስ አላነሳችውም። ይቅር ብላኝ ይሁን፣ እንዳትወድቅ ስትደገፍ ብቻ ይሁን፣ አልጠየቅኋትም።