ወደ ኋላ ስሄድ ብቻ የሚሰማው ድምፅ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የኋላ ማርሽ አስገብቼ ከግቢ ልወጣ ስል አሮጊቷ ፒክአፔ ያልለመደባትን አመጣች... «ቋ... ቋ... ቋቋ»። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ወደ ፊት ስነዳት ምንም የላትም። በማግስቱ ጠዋትም ያው «ቋ... ቋ»፣ እኔም ያው ፍሬን።

ቤታችን ከአትላስ ጀርባ ካሉት ጠባብ ቅያሶች በአንዱ ነው። ግቢ ውስጥ መኪና ማዞር አይታሰብም፤ የሚወጣው በኋላ ማርሽ ብቻ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ችላ እለው ነበር። ግን እሑድ ሆሳዕና ከተማ የባለቤቴ እህት ሠርግ አለ፤ ቅዳሜ ከነልጆቹ፣ ከነስጦታው በፒክአፗ ልንሄድ ነው። ባለቤቴ ድምፁን እንደሰማች ቁርጡን ነገረችኝ። «ልጆቼን በዚህች መኪና ጭኜ ያን ሁሉ መንገድ አልሄድም። ወንድሜ ይወስደናል።»

ወንድሟ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ከዚያ ወዲህ ከቻርጅ ሌላ ወሬ የለውም። ከእሱ ጋር ሆሳዕና ድረስ ከምሄድ በእግሬ ብሄድ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ምርመራው ተጀመረ። መቼም እዚህ አገር ስለ መኪና የማያውቅ ሰው የለም። ጎረቤቴ ድምፁን ሳይሰማ ካምቢዮ ነው አለኝ። መንጃ ፈቃድ የሌለው የቢሮ ጓደኛዬ ደግሞ ባሌስትራ መሆኑን በስልክ አረጋገጠልኝ። አማቴ ጸልዩበት አሉ። መገናኛ አካባቢ ጋራዥ ስወስዳት ሐኪም ፊት እንደቀረበ ልጅ ጤነኛ ሆና ቁጭ። መካኒኩ ወደ ኋላ ነዳት፣ መለሳት፣ ደግሞ ነዳት... ዝም። በመጨረሻ ትክ ብሎ ያየው እኔን ነው።

አዲሱን የግቢያችንን ዘበኛ ጋሽ ባልቻንም ጠየቅኳቸው። ስወጣ ሁልጊዜ ከኋላ በቀኝ በኩል ቆመው የሚያስወጡኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ በግራ በኩል ያለው ቦይ ውስጥ እንዳልገባ ዓይኔ ከግራው መስታወት አይነቀልም። ከጎኗ ቆሜ አንድም ቀን ድምፅ ሰምቼባት አላውቅም አሉ፤ ማሉልኝም።

ዓርብ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ባለቤቴን ከኋላ ቆማ በስልኳ እንድትቀርጽ ለመንኳት። የኋላ ማርሽ... «ቋ... ቋ»። ፍሬን። ዞር ብዬ ሳያት አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለኝ፤ በቃ፣ መኪናዬ አለቀላት አልኩ።

ቪዲዮውን ከፈትነው። ጋሽ ባልቻ በቀኝ በኩል መኪናዋን እየተከተሉ በአንድ እጃቸው «ና፣ ና» ይላሉ። የፊት ለፊቱ የጎረቤት ግድግዳ ሲቃረብ ደግሞ በሌላው እጃቸው በያዙት ዱላ የኋላውን ስፖንዳ... ቋ... ቋ።

«ጋሽ ባልቻ፣ ለካ ድምፁ እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ የመኪናዋን ድምፅ የጠየቅከኝ መስሎኝ ነው» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። «መስኮት ዘግተህ፣ መዝሙር ከፍተህ... ባላንኳኳ በምን ትሰማኛለህ ልጄ?»

እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ሳጣ ለካ እሳቸው በመግባባታችን ደስ ብሏቸዋል። ገና ሲያንኳኩ ቀጥ የሚል ሹፌር ከየት ይገኛል?

ከእንግዲህ እንዳያንኳኩብኝ በትሕትና ለመንኳቸው። ቅር ቢላቸውም እሺ አሉ። ባለቤቴም ስቃ ስትጨርስ በፒክአፗ ለመሄድ ተስማማች። ዓርብን እንደ ንጉሥ ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃው ተጫነ፣ ልጆቹ ገቡ። ጋሽ ባልቻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ራቅ ብለው ቆሙ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ጸጥታ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

«ሰማሽ? ምንም የለም» አልኳት ባለቤቴን።

መልሷን ሳልሰማ... ጓ።

የጎረቤት ግድግዳ። ማንም አልተጎዳም፤ ስፖንዳው ግን ተጣሞ አልዘጋ አለ፣ የኋላ መብራቱም መሬት ላይ ተበተነ። ጋሽ ባልቻ ካሉበት ሳይነቃነቁ «አታንኳኩ ብለኸኝ ነው እኮ» አሉ። ባለቤቴ ስልኳን አወጣችና ለወንድሟ ደወለች።

ይህን የምጽፍላችሁ ቡታጅራን አልፈን፣ የእሱ መኪና ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እውነቱን ለመናገር የኤሌክትሪክ መኪናዋ ድምፅ የሚባል ነገር የላትም... የእሷንም ድርሻ የሚያወራላት ባለቤቷ ነው።