ካሜራ በሄልሜት ላይ፤ ከአሰላ ጢቾ በሳይክል

አሰላ፣ ጎህ ሲቀድ

ጭላሎ ገና ከጉሙ አልወጣም። ሳይክሌን ግቢው መሃል አቁሜ፣ ካሜራውን መሪው ላይ አስሬ የአባቴን ፈቃድ እጠብቃለሁ። አባዬ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ ጎኑ አይታዘዘውም፤ አፉ ግን ምንም አልሆነም። ካሜራው የሚያየውን በስልኬ ላይ ከፍቼ ስለሰጠሁት ስልኩን እያየ ያዘኛል።

«ዝቅ ብሏል! ጎማ ነው እንዴ የምታሳየኝ?»

ቀና አደረግኩት።

«አሁን ደግሞ ሰማይ! እኔ ሾፌር እንጂ ፓይለት አልነበርኩም።»

ቀረጻውን ጀምሬው ስለነበር ቁጣውም፣ ካሜራውን ወደ እሱ ሳዞር ያፈጠጠ ፊቱም አብረው ተቀረጹ።

አባዬ ፀጉሩ የሸበተው በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ከአሰላ ጢቾ አውቶቡስ ሲያመላልስ። ከበሩ ላይ መንገዱን ይጠሩለት የነበሩት ረዳቱ ጋሽ ቃሲም የጢቾ ሰው ናቸው። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ በስልክ ሳይጨቃጨቁ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። አባዬ ከታመመ በኋላ ግን ጋሽ ቃሲም መደወል አቆሙ። እኛ ስንደውልም ስልካቸው ዝግ ነው። አባዬ ደመደመ። ቃሲም ሞቷል፣ እኛም ደብቀነዋል።

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። አባዬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በጤናው ጊዜ እሱም ስንቱን ደብቋል። ስለዚህ «ደህና ናቸው» ብንለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምግብ ቀነሰ፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን የእግር ልምምድ ተወ። ሐኪሙ ደግሞ ብርድና ጋራ ስለከለከለው ወስደን ልናሳየው አልቻልንም። በመጨረሻ ራሱ መላ አመጣ።

«ከደጃችን እስከ ቃሲም ደጅ መንገዱን ቀርጸህ አምጣ። ከዚያ ፊቱን አሳየኝ።»

«መንገዱ ለምን አስፈለገ?»

«የድሮ ቪዲዮ እንዳታመጣልኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አታታልለኝም።»

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ቃሲም በሕይወት መኖራቸውን እኔም አላውቅም ነበር። ካልኖሩ ይህን ቀረጻ ምን አደርገዋለሁ?

ሳጉሬ፣ ረፋድ

እስከዚህ አስፋልት ነው። ግራና ቀኝ ስንዴና ገብስ፣ ከመሃል ባሕር ዛፍ፣ ከሁሉም በላይ ጉም። ጉሙ መንገዱን እየቆራረሰ ይሰጠኛል፤ አንዱን ቁራጭ ስጨርስ ሌላው ይመጣል። ፔዳል እየመታሁ መሆኑን እረሳና ቆሜ መሬቱ ከሥሬ የሚሄድ ይመስለኛል።

አንዲት ቤት ትኩስ ወተትና ዳቦ አዝዤ የቀረጽኩትን አየሁ። ካሜራውን የገዛሁት አዳማ ነው። ነጋዴው ሁለት አቅርቦልኝ ነበር፤ አንዱ ርካሽ፣ ሌላው መንቀጥቀጥን ራሱ የሚያስተካክል። የጢቾን ጠጠር አስቤ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ማሰሪያውም ሦስት ዓይነት ነው፤ የመሪ፣ የደረትና የሄልሜት። የመሪው አስፋልት ላይ አላሳፈረኝም፤ የፍሬኑ ሽቦ ብቻ በምስሉ መሃል ተጋድሟል።

ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ስልኬ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጠጠር ላይ ይዘልልሃል» አለኝና የከመነዳሪ ቁራጭ ከማሰሪያው ሥር ጠቀጠቀልኝ። በጣም ተማምኖ ነበር። እኔም አመንኩት።

ዳገቱ ላይ

ጠጠሩ እንደጀመረ ካሜራው እንደ ፈላ ድስት ክዳን መንቀጥቀጥ ያዘ። የጎሚስታው ላስቲክ ጭራሽ አባሰው። ወደ ደረቴ አዛወርኩት። ትንሽ ሄጄ ሳየው ሁለት ጉልበቶች እየተፈራረቁ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አባዬ ይህን ቢያይ «የማንን ጉልበት ነው ያመጣህልኝ?» እንደሚለኝ አልጠራጠርም። ቀሪው ሄልሜቱ ነው። አናቴ ላይ ሳስረው ሁሉም ነገር ተስተካከለ፤ ከፍታው የአውቶቡስ ሾፌር ዓይን የሚያይበት ያህል ሆነ። ደስ አለኝ። ጭንቅላቴን ሳዞር አባዬም አብሮኝ የሚዞር መሰለኝ።

ከጉሙ ውስጥ ቃጭል ሰማሁ፤ ከዚያ ፈረስ፣ ከዚያ በፈረሱ ላይ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ከሳይክሌ ወረድኩ፣ ሄልሜቴን አወለቅኩ፣ ጎንበስ አልኩ።

«አካም ቡልተኒ?» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ! ፈያ!» ብለው ሰላምና ጤና መሆናቸውን ነገሩኝና የእናትና አባቴን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠየቁኝ። ሁሉም ደህና ነው አልኩ። በዚህ አገር ታላቅ እያለፈ ራስህን ሸፍነህ ኮርቻ ላይ አትቆይም፤ ሳይክልም ቢሆን ኮርቻ አለው። እስከ ጋራው ድረስ እንዲህ ስወርድና ስወጣ፣ ሳወልቅና ሳጠልቅ ሄድኩ።

ጋራው አናት፣ ቀትር

ከአስታው ቁጥቋጦ በቀር ተክል የለም። ነፋሱ ይቆርጣል፤ ትርፍ ባትሪዬን ብርድ እንዳይጨርሰው ብብቴ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ። ኔትወርክ ጠፍቷል።

እዚህ ተቀምጬ ቀረጻውን ሳየው ሳቄ መጣ። መንገዱ ያምራል። ሰው ሲመጣ ግን ዓለም ይገለበጣል። ሄልሜቱን በማሰሪያው አንጠልጥዬ ስለምይዘው የሽማግሌው ራስ ወደ ምድር፣ ፈረሳቸው ወደ ሰማይ ሆኗል። አባዬ የሚፈልገው ደግሞ ፊት ነው። ጋሽ ቃሲም ፊት ስደርስ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሄልሜቴን አላወልቅም ብዬ ወሰንኩ።

አንድ አይሱዙ ሞተር ሊያበርድ ቆሟል። ካፖርት የደረበው ሾፌሩ ሰላም አለኝ።

«ለማን ነው የምትቀርጸው?»

«ለአባቴ። ታደሰ ይባላል፤ ድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር።»

«የታዴ ልጅ ነህ! ታዲያ ወዴት ነው?»

«ጋሽ ቃሲም ጋ። እንዴት ናቸው?»

ፊቱን ወደ ራዲያተሩ መለሰ። «እኔ እንጃ። ገበያ ላይ ካየኋቸው ቆየ።»

ሌላ አልጠየቅኩትም። ፈራሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ስወርድ ከጉሙ ውስጥ የአባዬ አውቶቡስ ጥሩምባ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ መንገዱ ባያልቅ በወደድኩ።

ጢቾ፣ ከሰዓት

ጋሽ ቃሲም አሉ!

ደጃቸው አግዳሚ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ከሳይክሌ ወረድኩ። ያን ጊዜ እጄ የወሰንኩትን ሁሉ ረሳ፤ ሄልሜቴን አወለቀ፣ አንገቴም ተደፋ።

ጋሽ ቃሲም ቀስ ብለው ተነሱ።

«ዳዊት? ብቻህን? ሳትደውል?»

ራሱን የገለጠ፣ አንገቱን የደፋ፣ ድንገት የመጣ የወዳጅ ልጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ያወቅኩት ግን ካዩኝ በኋላ ነው።

«ኢናሊላሂ!» አሉ። ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉት። «ታዴ! ወንድሜ ታዴ! ያለ አንተ መንገዱን ለማን ልጥራ!»

ባለቤታቸው አደ ሐሊማ ከውስጥ ወጥተው ደረታቸውን መቱ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«አባዬ ደህና ነው! ቤት ነው ያለው!» ብዬ ጮህኩ።

«ገባን፣ ልጄ» አለኝ አንዱ ትከሻዬን ይዞ። «ቀስ ብለህ ንገራቸው።»

ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ የካሜራውን ትንሽ መስኮት ከፍቼ ጋሽ ቃሲም ዓይን ሥር አስጠጋሁት። «እኔ ሾፌር እንጂ ፓይለት አልነበርኩም!» ይላል የአባዬ ድምፅ፤ ከዚያ ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ በጠዋቱ አፍጥጦ ይታያል።

ፎጣው ከራሳቸው ወረደ። «ይሄ ቁጣ የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ጠዋት ነው።»

እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ አደ ሐሊማ ያቀረቡልንን ጩኮ፣ ያን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ እየበላን ነገሩን አወጉኝ። ስልካቸው ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል። በሰው ስልክ ቢደውሉ እህቴ ድምፃቸውን ሳትለይ «ተኝቷል» አለቻቸው፤ ሌላ ቀን «ሐኪም ቤት ሄዷል» አለቻቸው።

«ደብቃኛለች ብዬ ተውኩት» አሉ። «ሳልሰማ እስከቆየሁ ድረስ አለ ማለት አይደል?»

በማግስቱ፣ አሰላ

ሳይክሉ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ጋሽ ቃሲም ጋቢና ገቡ፤ ማን ያስቀራቸው። እስከ አሰላ ድረስ ሾፌሩን «ያዝ!»፣ «ቀኝህን እይ!» እያሉ አሰቃዩት። ደጃችን ስንደርስ ግን ክንዴን ያዙኝ።

«ድንገት ብገባበት ልቡ ይደነግጣል። አንተ ቪዲዮውን አሳየው፤ እኔ በረንዳው ላይ እቆያለሁ።»

አባዬ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን እያንዳንዱን ኩርባ እየጠራ አየ። ከዚያ ምስሉ ተገለበጠ፤ ጋሽ ቃሲም ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ ፎጣ ሲጥሉ፣ ስሙን ሲጠሩ መጣ። ስልኩን ላዞርለት ብል እጄን ገፋኝ። ጎረቤት እስኪሰበሰብ፣ አደ ሐሊማ ደረታቸውን እስኪመቱ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

«ለእኔ ነው?» አለ።

«ለአንተ ነው፣ አባዬ። የሞትክ መስሏቸው።»

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ደህና አድርጎ አልቅሶልኛል» አለ፤ እንባው ጋቢው ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ የክፍሉ በር ከውጭ በመዳፍ ሁለት ጊዜ ተደበደበ።

«ወራጅ አለ!»

አባዬ ቀና አለ። ቀኝ እግሩ ተዘርግቶ ወለሉን እንደ ፍሬን እስከ መጨረሻው ረገጠው።