ያጠበቅሁት ቃል

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። የንስሐ አባቴ ስለ ጾሜና ስለ ጸሎቴ ይጠይቁኛል፤ ስለ ጥቁር ሰሌዳ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ባለመጠየቃቸው ተከልዬ ኖርሁ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበርሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ወጣት መምህር ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ተማሪዎቼን ላወያይ ብዬ ጥያቄ ስጥልላቸው ዝም ይሉኛል። እርስዎ እንዴት ያደርጉ ነበር?» አለኝ። ምን ልበለው? ዝምታን ያስተማርሁ እኔ ነኝ ልበለው? ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት።

ዘይነባ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር በእግሯ የምትመጣ። አንድ ጠዋት ስለ «ያንሳል» እና «ይበልጣል» ምልክቶች ሳስተምር፣ ሁለቱን ወገኖች በኔጌቲቭ ቁጥር ስናባዛ ምልክቱ ይገለበጣል ብዬ ጻፍሁ። እንደ ልማዴም «ግልጽ ነው?» አልሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ነው» አለ። እሷ ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለምን ይገለበጣል?»

አጠገቧ የተቀመጠው ሰይድ ቀደመኝ። «ባይገለበጥስ ምን ትሆኛለሽ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ሒሳቡ ነው ውሸት የሚሆነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «አርዲቦ ውስጥ ሁለት ሜትር የሰጠመና አምስት ሜትር የሰጠመ፣ ማን ነው ለላይ የሚቀርበው?» አለ።

«ሁለት ሜትሩ ነዋ» አለች ዘይነባ።

«በይ እንግዲህ፤ ከውኃው በላይ አምስቱ ይበልጥ ነበር፣ ከታች ሁለቱ በለጠ።»

ክፍሉ ፊቱን እርስ በርስ አዙሮ ይከራከር ጀመር። ዛሬ ሳስበው፣ መልሱ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ግን መልሱ አልነበረኝም። ደንቡን በቃሌ ይዤው ነበር እንጂ ስለ ምን እንዲያ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ፈራሁ።

«ለምን» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጥያቄ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ልመና ነው። እኔ አጠበቅሁት።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን ለምን ስትዪ ለማኝ ሆነሽ እንዳትቀሪ» አልኋት።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሰይድ ብቻ አልሳቀም፤ ምክንያቱንም አውቅ ነበር። የዘይነባ አባት ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ጁምዓ ጁምዓ መስጊዱ በር ላይ ተቀምጠው ሰደቃ ይቀበሉ ነበር። አላውቅም ነበር ብል በቀለለኝ። አውቅ ነበር። እያወቅሁ ተናገርሁት።

ከዚያ ወዲያ ስሟ «ለማኟ» ሆነ። እጇን ዳግመኛ አላወጣችም፤ ሌሎቹም አላወጡም። ርእሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ክፍሌን ስለ ጸጥታው አመሰገኑት፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ዘይነባ ትምህርቱን ተወችው። ድህነት ነው ያስተዋት ልል እችላለሁ። ተማሪው በዝቶ ነበር፣ ምዕራፉ ማለቅ ነበረበት ልልም እችላለሁ፤ ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ድህነቱ ዱሮም ነበረ፤ ከድህነቱ ጋር ትማር ነበር። የተወችው ከእኔ ቃል በኋላ ነው። እኔ ነኝ ያስተውኋት።

ከዓመታት በኋላ ውጫሌ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። «ቲቸር፣ ደኅና ነዎት ወይ? አልሐምዱሊላህ፣ ብዙም አልተጎዱ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቂም ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቂም ባገኝ ኖሮ እናገር ነበር ይሆን? ስለ አባቷ ጠየቅኋት።

«ወደ አኼራ ሄዱ።»

«ነፍስ ይማር» አልሁ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሽንኩርቱን መርጣ ሰጠችኝ፤ ምራቂም ጨመረችልኝ። ተቀብዬ ወደ መኪናው ሄድሁ። የመጀመሪያው በደሌ በፍርሃት ነበር ብል፣ ይህኛውን ምን ልበለው?

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ውጫሌ ሩቅ አይደለም። መኪናም በየቀኑ አለ። እስካሁን አልሄድሁም።