ስዕል ቤት የወረደ ሙሾ

የእኛ ከተማ ሰው ጋለሪውን «ስዕል ቤት» ነው የሚለው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። አንድ ሠዓሊ ተከራየው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባው፣ ስዕል ሰቀለበት፤ ደብረ ታቦርም ስዕል ቤት አገኘች። አምና ከፋሲካ በኋላ የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ ስትመለስ፣ ክረምቱ እስኪገባ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዓይነት ሙዚቃ እናሰማለን አለች። እኔ ዘፈን መስሎኝ ነበር።

ጎረቤቴን ይዤ ሄድሁ። ጎረቤቴ አንድ ልጇን ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ከገደለባት ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አትወጣም ነበር። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላም እቤቷ ተቀምጣ ቀረች። ሰው መሀል ልመልሳት ብዬ ነው ጎትቼ የወሰድኋት።

ስንደርስ የፊት ወንበሮች ላይ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይህ የማነው?» አልሁት አስተናጋጁን።

«የክብር እንግዶች ነው፣ እማማ።»

«ክብራቸው በሰዓቱ አያመጣቸውም?»

«ቆየት ብለው ይመጣሉ።»

«እንግዲያው ቆየት ብለው ኋላ ይቀመጡላ! ወፍጮ ቤት እንኳ ተራ አለ።»

ወረቀቱን ላጥሁና ጎረቤቴን ከፊት አስቀመጥኋት። ሹሞቹ ሲመጡ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀድሞ የመጣ ፊት ይቀመጣል፤ የስዕል ቤቱ ሕግ ሆነ። ኮርቼበት ነበር።

አንድ ሰው ቫዮሊን ይዞ ወጣ። ክሩን ትቶ ጀርባውን ያሻሸው ጀመር። እያቆመ ያሻል፣ እያሸ ያቆማል። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤

«እትዬ፣ ጀምሯል ወይስ ገና እየቃኘ ነው?»

ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ሳቄን ያዝሁ። እሷም ሳቀች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ሙዚቃው ባይገባንም አንድም እሑድ አልቀረንም። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች የወፍጮ ድንጋይ ሲያፋጩ ዋሉ። ሌላ ጊዜ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሙዚቀኛው እጁን አጣጥፎ ዝናቡን ከእኛ ጋር አዳመጠ። እሱን ወደድሁት።

ግንቦት ላይ ምስር ስለቅም የልጅ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እምዬ፣ ለራሴ ሥራ ድምፅዎን ልጠቀምበት?»

«ያለቀ ድምፅ ምን ይረባሻል? ውሰጂው» አልኋት።

የቱን ድምፅ ብዬ አልጠየቅሁም። ስፈትል የማንጎራጉረውን በስልኳ ስትቀዳ አይቻት ስለነበር እሱ መሰለኝ።

በሰፈራችን ሙሾ አውራጅ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት እኔ ግጥሙን አወጣለሁ፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። ሙሾ ግን ሟች ባለበት ቤት ብቻ ነው የሚወርደው። ሟች በሌለበት ያወረደ ሞት ይጠራል ይባላል፤ ስለዚህ ለልምምድ እንኳ በቤቴ ቃል አላወጣም።

የልጅ ልጄ ተራ የደረሰ ዕለት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ከባሕር ዳር ሳይቀር ሰው መጥቷል። እኔና ጎረቤቴ ቀድመን ደርሰን በሕጋችን መሠረት ከፊት ተቀመጥን። መብራቱ ጠፋ። የልጅ ልጄ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠችው ማሽን እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ወጣ፣ እየሰፋ ሄደ። ከውስጡ ደግሞ የሴት ድምፅ መጣ።

የኔ ድምፅ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የተቀበረ ዕለት ያወረድሁት ሙሾ ነው። ለካ ለቀብሩ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ በስልኳ ቀድታው ኖሯል።

*ገበያው ተፈታ፣ ሰው ሁሉ ቤት ገባ፤*
*ከደጃፍ የቆመች እናትን ማን ያስገባ።*

ልጁ እህል ነጋዴ ነበር። የሞተውም ከገበያ ሲመለስ ነው።

ጎረቤቴ ተነሣች። ነጠላዋን አወለቀች፣ እንደ ለቅሶ ቀን ዘቅዝቃ ለበሰችና ቆመች። ከኋላ የነበሩት የሰፈራችን ሴቶችም አንድ በአንድ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆሙ፤ ሙሾ እየወረደ ተቀምጦ የሚሰማ በእኛ ዘንድ የለም። እንግዶቹ የሙዚቃው ክፍል መሰላቸው መሰለኝ፣ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፁ ጀመር። እኔ ብቻ መነሣት አቃተኝ። የድምፁ ባለቤት ሆኜ እንዴት ብዬ ልቁም? ድምፁ ሲያልቅ መብራቱ በራ። አጨበጨቡ። የልጅ ልጄ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ ዳግመኛ ሞተ እንዴ፣ እትዬ? የሚጨበጨብለትስ ምን አድርጎ ነው?»

በሰው መሀል ሰንጥቃ ወጣች።

እቤት ስንገባ የልጅ ልጄ፣ «ፈቅደውልኝ ነበር እኮ፣ እምዬ» አለች።

«ፈቅጃለሁ። የኔ ያልሆነውን ነው የፈቀድሁት። ድምፁ የኔ ነው፤ ሐዘኑ የሷ ነው።»

«እንዲህ ያለ ግጥም መሬት ገብቶ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«አንቺ የቀብሩ ዕለት አላለቀስሽም?»

«አልቅሻለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ እጅ የነሣሽው ለማን ነው?»

ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። አላባበልኋትም። እኔም አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ የሰጠሁ ነኝ፤ እሷን ወቅሼ ራሴን ነፃ ማውጣት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጠዋት ሁለታችንም ሄድን። በሩ ገርበብ ብሏል። ጎረቤቴ መጥታ መቃኑ ላይ ቆመች፤ ግቡ አላለችም።

«የቀዳሁትን በፊትዎ ላጠፋው ነው የመጣሁ» አለች የልጅ ልጄ ስልኳን እያሳየች።

«ማን አጥፊው አለሽ?» አለች ጎረቤቴ። ድምፏ ሰልሏል። «የቀብሩ ዕለት ሰው ደግፎኝ ነው የቆምሁ። ስለ ልጄ የተባለውን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ትናንት ገና መስማት ስጀምር አጨበጨባችሁብኝ። ስልኬ ውስጥ አግቢልኝ። ከዚያ በኋላ ካንቺ ዘንድ አጥፊው።»

ልጅቷን አስገባቻት። እኔን አላየችኝም። አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ የገዛ ድምፄ ከውስጥ መጣ፤ ያለ ማሽን፣ ያለ ጭብጨባ፣ እንዳወረድሁት። *ከደጃፍ የቆመች* የሚለው ላይ ሲደርስ መሬቱን አየሁ። የጎረቤቴ ልቅሶ ሲሰማኝ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስሁ። ትናንት ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር።

የልጅ ልጄ ብቻዋን ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ሰኔ ላይ የመጨረሻው ኮንሰርት ነበር። ከሁሉ ቀድሜ ደረስሁ። በራሴ ሕግ የፊቱ ወንበር የኔ ነበር፤ ሄጄ ከበሩ ሥር ተቀመጥሁ። አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ነጠላዬን አኖርሁ። «ሰው አለው ወይ፣ እማማ?» እያሉ ብዙዎች ጠየቁኝ። አለው አልሁ። ቀድሞ ለመጣ ነው ስል የከረምሁትን ወንበር ላልመጣች ሰው ያዝሁት፤ አስተናጋጁም እያየ አለፈኝ።

ሙዚቃው እስኪያልቅ በሩን ስመለከት ነበር። አልመጣችም። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።