ሰው በግንባሩ የለየሁበት ሰርግ

ባለፈው እሁድ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥቼ ደሴ፣ እህቴ ቤት፣ ለምሳ ሄድኩ። ለምሳ ተጠርቼ ችሎት ላይ ተገኘሁ። ተከሳሿ አልቀረበችም፤ ፎቶዋ ብቻ በስልክ ላይ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የእህቴ ልጅ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ናት። ፊቷን ልብ ብሎ ያየ የለም። ሁሉም ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ የእጇ አንጓ ላይ ያለችውን የንቅሳት ወፍ ያጠናል።

"ሥራ የፈታች ካልሆነች ማን ይነቀሳል?" አሉ አክስቴ።

አክስቴ አንገታቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሦስት መስመር ንቅሳት አላቸው። ድዳቸውም ተነቅሶ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው።

"የእርስዎስ?" አልኳቸው።

"የእኔማ ጌጥ ነው!" አሉኝ፣ እኔን እንደ ደንቆሮ እያዩ።

"ሰውን በመልኩ አትፍረዱ" የሚለውን ስብከት ልጀምር ነው ብሎ የሰጋ አንባቢ ካለ ግን ይረፍ። ያንን ስብከት አልወደውም። የሚሰብኩት ሰዎች ራሳቸው ታክሲ ሲገቡ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጡ መርጠው ነው የሚቀመጡት። ዓይን ያያል፤ ያየም ይገምታል፤ ምን ይደረግ? የሚያበሳጨኝ ገምቶ እርግጠኛ የሚሆነው ሰው ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ሴት ከሰርግ አባርሬ ነው ያወቅሁት።

ጥር ነበር። ደሴ ጉም ለብሳ ስትንቀጠቀጥ ኮምቦልቻ በሸሚዝ የምትውልበት ወር ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ሴት ልጃቸውን ሰዓዳን ይድራሉ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው፤ አጥራችን አንድ ስለነበር ሰርጉ የሁለታችንም ቤት ሰርግ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድግስ ሁሉ ነገሩ ሁለት ሁለት ነው፦ ሁለት ሰንጋ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ዳስ። በአንዱ ዳስ ሙስሊም ያረደው ሥጋ ከማያሰክረው ቀሪቦ ጋር ይቀርባል። በሌላው ክርስቲያን ያረደው፣ እናቴ ከጠመቀችው ጠላ ጋር። አንዱ የሌላውን አይበላም፤ ቅር የሚለውም የለም።

እኔ በር ላይ ቆሜ እንግዳውን ወደየዳሱ እንድመራ ተመደብኩ። ከጥዋት ጀምሮ በማተብ፣ በቆብ፣ በጢም፣ በሻሽ አስተሳሰር እየለየሁ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አንድም አልሳትኩም። ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅ የማያውቅ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት መጡ። ሃምሳን ያለፉ፣ ጫማቸው በአቧራ የነጣ፣ በክንዳቸው ማር የሞላ ጀሪካን ያቀፉ። ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ግንባራቸው መሐል ላይ የመስቀል ንቅሳት ይታያል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

"እንኳን ደህና መጡ እናቴ። የእናንተ በዚህ በኩል ነው።"

"የእኛ?"

"አዎ፣ የእናንተ።"

"እንደዚያ ተባለ?"

"እንደዚያ ነው እናቴ፤ ይግቡ፣ ይግቡ።"

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ዳሱን አዩና ገቡ። አክብሬ ራሴ አስቀመጥኳቸው። ጥብሱን ከፍ አድርጌ፣ ጠላውን በብርጭቆ ሞልቼ በእጄ አቀረብኩ።

"ይብሉ እንጂ፣ ምን ያፍራሉ?"

"ጠግቤ ነው የመጣሁት" አሉኝ።

ይሉኝታ መሰለኝና ወደ በሩ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይማም ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ገብተው ጡሩንባ ያስጮኻሉ። "ሰዓዳ አልወጣም ብላ ተቀምጣለች" አሉኝ። "የሟቹ ወንድሜ ሚስት ዘይነባ ከቢስቲማ ትመጣለች። እናቷ ስትሞትባት ያሳደገቻት እሷ ናት። እሷ ሳትመርቀኝ እግሬ ከዚህ ቤት አይወጣም ትላለች። አላየሃትም?"

"አላየሁም ጋሼ።"

"እንዴት ትጠፋሃለች? ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች እኮ!"

እስከ ዛሬም በጋሽ ይማም እናደዳለሁ። ውሻው የት እንደሚታሰር ሳይቀር ሁለት ጊዜ የነገሩኝ ሰው ይህቺን አንዲት ነገር ከጥዋቱ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ዳሱ ውስጥ ጥብሱ ሳይነካ ቀዝቅዟል። "ሴትዮዋ ወደ መናኸሪያ ሄዱ" አሉኝ። ሮጥኩ። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። እሳቸው ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይውረዱ።"

"ደሞ መጣህ? የተረፈ ጠላ አለ?"

"ክርስቲያን መስለውኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ ይማም የላከህ መስሎኝ ነው። በር ላይ የሚቆም ሰው የባለቤቱን ቃል ይዞ ነው የሚቆመው። ሠላሳ ዓመት ሰግጄ፣ ወንድሙን ቀብሬ፣ ልጁን አሳድጌለት፣ ዛሬም አንቺ የእኛ አይደለሽም አለኝ ብዬ ወጣሁ።"

"ወላዲቷን! እሳቸው አላሉም፤ እኔው ነኝ። ግንባርዎን አይቼ..."

"ከግንባሬ ዝቅ ብሎ አፍ አለ። እሱን አላየኸውም?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የኩታበር ልጅ ነበሩ። ገና በስድስት ዓመታቸው እናታቸው በመርፌና በጥላሸት አስነቀሷቸው። ኋላ የጋሽ ይማምን ወንድም አግብተው ሰለሙ።

"ስሜ ተቀየረ፤ ግንባሬ እንደነበረ ቀረ" አሉኝ። "ገበያ ስወጣ ክርስቲያኖቹ እህታችን ይሉኛል፤ የእኛዎቹ ሰላምታ ይነፍጉኛል። ለምጄዋለሁ። ይማም ቤት ግን አይደርስብኝም ብዬ ነበር።"

"ሰዓዳ አልወጣም ብላለች" አልኳቸው። "እርስዎን ነው የምትጠብቀው።"

ብድግ አሉ። ጀሪካኑን ደረቴ ላይ ወረወሩት ማለት ይቀላል። "አንተ ልጅ! ይህን ከመጀመሪያው አትናገርም?"

ቤት ስንደርስ ሰዓዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ዱዓው ረጅም ነበር። ጋሽ ይማም አሚን እያሉ አለቀሱ፤ ሙሽራዋ ወጣች፣ መኪናው ሄደ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ሴትዮዋ ጎህ ሲቀድ ከቢስቲማ ተነስተው፣ ሐይቅ ላይና ደሴ ላይ መኪና ቀይረው የመጡ ናቸው፤ ምንም አልቀመሱም። እጃቸውን ይዤ ወደ ሙስሊሞቹ ምድጃ ወሰድኳቸው። ወጥ የምታወጣው ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ግንባራቸውን አየች።

"የእናንተ እኮ በዚያ ነው" አለችኝ። "ሥጋ አደባልቀህ ጣጣ አታምጣብን።"

"ሙስሊም ናቸው!"

"ግንባሯን አታይም?"

"ለምንድነው የማትጠይቂያቸው!" ብዬ ጮህኩ፣ የአንገቴ ሥር እስኪገተር። ከአንድ ሰዓት በፊት ሰውን በግንባሩ የመለየት ሊቅ እኔ ነበርኩ።

"አብሽር ልጄ፣ ረጋ በል" አሉኝ ዘይነባ ከኋላዬ። ወጥ አውጪዋን አለፍ ብለው፣ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ "ቢስሚላህ!" አሉና ከድስቱ አንድ ቁራጭ ሥጋ በእጃቸው አንስተው ጎረሱ። ጭልፋዋ አየር ላይ ቀረች። አኝከው ከዋጡ በኋላ "ጨው አንሶታል" አሏት።

እሁድ ዕለት ይህን ታሪክ ለችሎቱ ተረኩት። አሳምሬ ነው የተረኩት፤ ድምፄን ሳይቀር እንደ እሳቸው አድርጌ። አክስቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ወይ ዘይነባ! ምን ያለች ሴት!" አሉ። ከዚያ ስልኩን አነሱና "ይቺን ግን ቤተሰቧን ማጣራት ነው" አሉ።

ደሜ ፈላ። አንድ ሰዓት ሙሉ ለልጅቷ ተከራክሬያለሁ፤ እንደገና ልጀምር ስል መጥሪያ ስም አጣሁ።

"ለመሆኑ ስሟ ማን ነው?" አልኳት እህቴን።

እህቴ አክስቴን አየች። አክስቴ ስልኩን አዩ። የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልጠየቅሁም ነበር።

ሰው ከስህተቱ ይማራል ይላሉ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተማርኩት ስህተቴን አሳምሮ መተረክ ነው።